ሰባ ደቂቃ፦ የሴንዳይ አውሮፕላን ማረፊያና የሱናሚ ፊዚክስ

መግቢያ

ፊዚክስ በክፍል ውስጥ ስንማረው ብዙ ጊዜ ከዕለት ኑሮ የራቀ የቀመሮች ስብስብ መስሎ ይታየናል። ይሁን እንጂ አንዲት አጭር ቀመር የብዙ ሰዎችን ዕጣ የምትወስንበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የሚገኘውን የሴንዳይ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ምሳሌ ወስደን፣ ማርች 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. (መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.) በዚያ ስለ ደረሰው የሱናሚ አደጋ እንመለከታለን። ምድር ከተንቀጠቀጠችበት ሰዓት አንሥቶ ውሃው ማረፊያውን እስካጥለቀለቀበት ሰዓት ድረስ ያለፈው ጊዜ ሰባ ደቂቃ ያህል ነበር። እነዚህ ደቂቃዎች ከየት እንደ መጡ፣ ለምን ሰባት ወይም ሰባት መቶ እንዳልሆኑ፣ በእነርሱስ ውስጥ ምን መሥራት ይቻል እንደ ነበር ለመረዳት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልዘለለ ፊዚክስ ይበቃናል።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ሰዓቶች የጃፓን የአካባቢ ሰዓቶች ሲሆኑ፣ ለአንባብያን እንዲቀል በሀገራችን የሰዓት አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

1. አውሮፕላን ማረፊያው የት ይገኛል?

ሴንዳይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች ያሏት የሚያጊ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። አውሮፕላን ማረፊያዋ ከከተማዋ በስተደቡብ በናቶሪና በኢዋኑማ ከተሞች ወሰን ላይ ተሠርቷል። ቦታው በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1940 የጦር አብራሪዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሕዝብ ማመላለሻ ዋለ። ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ አንዱ 3,000 ሜትር፣ ሌላው 1,200 ሜትር ይረዝማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከከተማዋ ጋር በባቡር መስመር ተገናኝቷል። በስፋቱ ከቶኪዮና ከኦሳካ ማረፊያዎች ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለቶሆኩ አካባቢ ሕዝብ ግን ዋናው የአየር በር ነው።

ለእኛ ጥናት ዋናው ነገር የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ማረፊያው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ባለ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይገኛል። አውሮፕላን ለማሳረፍ ሜዳነት መልካም ነው፤ ሰፊ ቦታ ይገኛል፣ አቅጣጫን የሚዘጋ ተራራ የለም። ይኸው ሜዳ ባሕሩ ሲነሣ የሚያቆመው ነገር የለም ማለት ነው። አንዱ የመሬት ጠባይ ለአንዱ ሥራ ጥቅም፣ ለሌላው ጉዳት ሆኖ መገኘቱን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመን እናየዋለን።

2. ምድር ስትናወጥ

የዚያን ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ከጃፓን ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሻገር፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። በዚያ ሥፍራ የሰላማዊ ውቅያኖስ ሰሌዳ በየዓመቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ፍጥነት ከጃፓን ሥር እየገባ ይሄዳል። ሁለቱ ሰሌዳዎች በሚነካኩበት ፊት ላይ ሰበቃ ስላለ እንቅስቃሴው ይታገዳል፤ የላይኛው ሰሌዳ ጠርዝም እንደ ታጠፈ የብረት ምላጭ ቀስ በቀስ እየጎበጠ ለመቶዎች ዓመታት ኢነርጂ ያጠራቅማል። ሰበቃው የሚችለውን ያህል ችሎ ሲሸነፍ ጠርዙ በአንድ ጊዜ ተፈናጥሮ ይመለሳል። በዚያን ዕለት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ገጽ ተሰብሮ ተንሸራተተ።

የአንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ትልቅነት የምንለካው በሞመንቱ ነው። ሞመንት ማለት የዓለቱ ግትርነት፣ የተሰበረው ገጽ ስፋትና የመንሸራተቱ ርዝመት ሲባዙ የሚገኘው ውጤት ነው። ግትርነቱን 4 × 10¹⁰ ኒውተን በሜትር ካሬ፣ ስፋቱን 500,000 ሜትር × 200,000 ሜትር፣ አማካይ መንሸራተቱን 10 ሜትር ብንወስድ ውጤቱ 4 × 10²² ኒውተን ሜትር ይሆናል። በመጠን መለኪያው ላይ ይህ 9.0 ማለት ነው።

መለኪያው ሎጋሪዝማዊ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በመለኪያው ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት በኢነርጂ ሲታይ 32 እጥፍ ያህል ነው። የጃፓን የሜትዮሮሎጂ ድርጅት ነውጡ ከተጀመረ ከሦስት ደቂቃ በኋላ፣ ማለትም በ8 ሰዓት ከ49 ላይ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ይህ ፍጥነት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በዚያች አጭር ጊዜ የተገመተው መጠን 7.9 ነበር። በ7.9 እና በ9.0 መካከል ያለው የ1.1 ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም በኢነርጂ 45 እጥፍ ያህል ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ስብራት ራሱ ተጀምሮ እስኪያበቃ ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በፍጥነት የሚሰላው ግምት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አጫጭር ሞገዶች ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ነውጡ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ልዩነቱን መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ለሚያጊ ጠረፍ መጀመሪያ የተነገረው የሱናሚ ከፍታ 6 ሜትር ሲሆን፣ በ9 ሰዓት ከ14 ላይ ከ10 ሜትር በላይ ተብሎ ተሻሻለ። በመካከሉ ግን መብራት ስለ ተቋረጠና መገናኛዎች ስለ ተበላሹ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ያልደረሳቸው ሰዎች ብዙዎች ነበሩ።

3. ሁለት መልእክተኞች

ከአንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ይነሣሉ። የመጀመሪያው በዓለት ውስጥ ይጓዛል። ከነዚህም ቀዳሚው ሞገድ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር፣ ተከታዩ ደግሞ በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣሉ። ከነውጡ መነሻ እስከ ሴንዳይ ማረፊያ ያለው ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ቀዳሚው በ26 ሰከንድ፣ ተከታዩ በ45 ሰከንድ ይደርሳሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሞገድ የሚጓዘው በውሃ ውስጥ ነው። የባሕሩ ወለል በድንገት ከፍ ሲል በላዩ ያለውን ውሃ ሁሉ ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ያለው ውሃ በስበት ተስቦ ሲወርድ በዙሪያው ያለውን ይገፋል፤ እንዲህ እያለ ይስፋፋል። ሱናሚ የምንለው ይህንኑ ነው። በነፋስ ከሚነሣው የተለመደ ማዕበል የሚለየው በሞገዱ ርዝመት ነው። የነፋስ ማዕበል ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙውን ጊዜ በአሥር ወይም በመቶ ሜትሮች የሚለካ ሲሆን የሚያነቃንቀውም የላይኛውን የውሃ ክፍል ብቻ ነው። የሱናሚ ርዝመት ግን በመቶ ኪሎ ሜትሮች ሊቆጠር ይችላል። ከውቅያኖሱ ጥልቀት ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ውሃው ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

እንዲህ ያለው ሞገድ ምን ያህል ይፈጥናል? መልሱን በአሃድ ትንተና ብቻ ልናገኘው እንችላለን። ፍጥነቱ ሊመካባቸው የሚችሉት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የመሬት ስበት ፍጥንጥነት (ስ)፣ አሃዱ ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ሁለተኛው የውሃው ጥልቀት (ጥ)፣ አሃዱ ሜትር ነው። የሞገዱ ርዝመት እጅግ ስለሚበልጥ ከግምት ይወጣል። ከሁለቱ ሜትር በሰከንድ ለማግኘት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ማባዛትና ዳግም ዘሩን መውሰድ። ስለዚህ ፍጥነቱን ፍ ብንለው፦

ፍ = √(ስ × ጥ)

የውሃው እፍግታ በቀመሩ ውስጥ እንደሌለ ልብ እንበል። ትልቅም ሆነ ትንሽ ሱናሚ በአንድ ጥልቀት ላይ እኩል ይጓዛል። ስ = 9.8 ወስደን ብናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን።

ጥልቀት 7,000 ሜትር፦ በሰከንድ 262 ሜትር፣ በሰዓት 943 ኪሎ ሜትር
ጥልቀት 4,000 ሜትር፦ በሰከንድ 198 ሜትር፣ በሰዓት 713 ኪሎ ሜትር
ጥልቀት 1,000 ሜትር፦ በሰከንድ 99 ሜትር፣ በሰዓት 356 ኪሎ ሜትር
ጥልቀት 100 ሜትር፦ በሰከንድ 31 ሜትር፣ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር
ጥልቀት 10 ሜትር፦ በሰከንድ 10 ሜትር፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር

በጥልቁ ውቅያኖስ ላይ ሱናሚ ከመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ጋር ጎን ለጎን ሊጓዝ ይችላል። ወደ ጠረፍ ሲቀርብ ግን ፍጥነቱ ወደ ከተማ መኪና ፍጥነት ይወርዳል።

4. ሰባው ደቂቃ እንዴት ተገኘ?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ውሃው ማረፊያውን ያጥለቀለቀው በ9 ሰዓት ከ56 ላይ ነበር። የ180 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ለስሌት እንዲመች በሦስት እንክፈለው። ቁጥሮቹ የባሕሩን ትክክለኛ ካርታ የሚተኩ አይደሉም፤ ጠባዩን ለማሳየት ያህል የተመረጡ ናቸው።

የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር አማካይ ጥልቀት 1,500 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 121 ሜትር፣ ጊዜው 14 ደቂቃ ነው። ቀጣዩ 50 ኪሎ ሜትር ጥልቀቱ 150 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 38 ሜትር፣ ጊዜው 22 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው 30 ኪሎ ሜትር ጥልቀቱ 25 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ ወደ 16 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል፣ ጊዜው 32 ደቂቃ ይሆናል። ድምሩ 68 ደቂቃ ነው፤ ከተመዘገበው ጋር ይቀራረባል።

ከዚህ ስሌት የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። የመጨረሻው ክፍል የመንገዱ አንድ ስድስተኛ ብቻ ሆኖ ሳለ የጊዜውን ግማሽ ያህል ወስዷል። ለሴንዳይ ሰባ ደቂቃ የሰጣት ከፊቷ የተዘረጋው ሰፊና ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ ነው ማለት ነው። ከሴንዳይ በስተሰሜን ያለው የሳንሪኩ ጠረፍ ግን ጥልቅ ውሃ ይቀርበዋል፤ በዚያ የሚገኙ ከተሞች ትልቁ ውሃ የደረሰባቸው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነበር። በአንድ ነውጥ ምክንያት፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ ጠረፍ ከሌላው እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ አገኘ። ልዩነቱን ያመጣው የባሕሩ ወለል ቅርፅ ነው።

5. የዘገየ ሞገድ ለምን ይከመራል?

ጥልቀት የሌለው ውሃ ጊዜ ሰጠ ብለናል፤ ዋጋውንም ያስከፍላል። ሞገዱ በአንድ ሰከንድ የሚያሻግረው ኢነርጂ ከከፍታው ዳግም ርቢና ከፍጥነቱ ብዜት ጋር ይመጣጠናል። በመንገድ ላይ የሚባክነው ጥቂት ነው ብለን ከወሰድን ይህ ብዜት እኩል ሆኖ መቆየት አለበት። ፍጥነቱ ሲቀንስ ከፍታው የግድ ይጨምራል። የፊተኛው ክፍል ዝግ ሲል የኋለኛው ገና እየፈጠነ ስለሚመጣ ሞገዱ በርዝመት ይሰበሰባል፤ በቁመት ይከመራል።

ፍጥነቱ የጥልቀት ዳግም ዘር ስለ ሆነ፣ ከፍታው ከጥልቀቱ ዳግም ዘር ዳግም ዘር ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ከ4,000 ሜትር ጥልቀት ወደ 10 ሜትር ሲመጣ ጥልቀቱ 400 ጊዜ ያንሳል፤ የ400 ዳግም ዘር 20፣ የ20 ዳግም ዘር ደግሞ 4.5 ያህል ነው። በጥልቁ ባሕር መርከበኛ ሳያስተውለው በሥሩ የሚያልፍ የሁለት ሜትር ሞገድ በጠረፉ አጠገብ ዘጠኝ ሜትር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ሕግ ሞገዱ ሳይሰበር እስከሚቆይበት ድረስ ብቻ ያገለግላል፤ የወሽመጡና የሸለቆው ቅርፅ ደግሞ ውጤቱን ሊያባብሰው ወይም ሊያለዝበው ይችላል።

6. ውሃ ሲገፋ

በሴንዳይ ሜዳ ላይ ውሃው እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ገባ። በአውሮፕላን ማረፊያው ቆመው የነበሩ በርካታ ቀላል አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች፣ እጅግ ብዙ መኪናዎችም ተጠርገው በተርሚናሉ ዙሪያና በማኮብኮቢያው ላይ ተከመሩ። ይህ እንዴት ሆነ?

መልሱ በሁለት የታወቁ ሕግጋት ውስጥ አለ። አንደኛው የአርኪሜድስ ሕግ ነው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 1.6 ሜትር ቢሆን የሥሩ ስፋት 6.4 ሜትር ካሬ ይሆናል። ክብደቱን የሚያህል የባሕር ውሃ ለመግፋት የሚያስፈልገው 18 ሴንቲ ሜትር መስመጥ ብቻ ነው። በመንኮራኩሮቹ ምክንያት ከመሬት ከፍ ያለበትን 20 ሴንቲ ሜትር ብንጨምርበት፣ ውሃ ወደ ውስጡ እስኪገባ ድረስ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አውሮፕላን ደግሞ ከመኪና ይበልጥ ሰፊና ለክብደቱ ቀላል ሆኖ የሚሠራ ነገር ነው። በአየር ላይ የሚያነሣው ይኸው ቅለት በጎርፍ ጊዜ መልሕቅ አሳጣው።

ሁለተኛው የፈሳሽ ግፊት ሕግ ነው። የሚፈስ ነገር በፊቱ የቆመውን አካል የሚገፋበት ኃይል ከፈሳሹ እፍግታ፣ ከአካሉ ስፋትና ከፍጥነቱ ዳግም ርቢ ጋር ይመጣጠናል። የባሕር ውሃ ከአየር 850 ጊዜ ያህል ይታፈጋል። ስለዚህ በሰከንድ 5 ሜትር የሚፈስ ውሃ የሚያሳድረው ግፊት በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚነፍስ ነፋስ ጋር እኩል ነው፤ እንዲህ ያለ ነፋስ በምድር ገጽ ላይ አይታወቅም ማለት ይቻላል። በሰከንድ 2 ሜትር ብቻ፣ ማለትም በፈጣን እርምጃ የሚሄድ ውሃ እንኳ በወገቡ ድረስ በገባ ሰው ላይ፣ የተገፋው የአካል ስፋት ግማሽ ሜትር ካሬ ቢሆን፣ 1,000 ኒውተን ያህል ኃይል ያሳርፋል። ይህ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት እንደ መደገፍ ነው። የሰውየው እግር ከመሬት ጋር ያለው ሰበቃ ይህን አይችልም፤ ግማሽ አካሉ በውሃ ስለ ተነሣ ሰበቃው ራሱ ቀንሷል። «ውሃው ጉልበት ድረስ ሲመጣ እሸሻለሁ» የሚል ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

7. ጣሪያውና ኮረብታዋ

በዚያን ዕለት በተርሚናሉ ውስጥ 1,700 ያህል ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ መንገደኞች፣ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከአካባቢው ሸሽተው የመጡ ነዋሪዎች። ውሃው በምድር ወለሉ ላይ ሦስት ሜትር ገደማ ከፍ አለ። ወደ ላይኛዎቹ ፎቆችና ወደ ጣሪያው የወጡት ግን ውሃው አልደረሰባቸውም። ዙሪያው ሁሉ ባሕር ስለ ሆነባቸው ሌሊቱን እዚያው አደሩ።

ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የቆመ ውሃ በግድግዳ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር ወርድ 45,000 ኒውተን ያህል፣ ማለትም የአራት ቶን ተኩል ክብደት የሚያህል ኃይል ያሳርፋል። የሚፈሰው ውሃና ይዟቸው የሚመጣው መኪናና ግንድ ሲጨመሩ ከዚህ ይበልጣል። ትልቅ ሕንጻ ይህን የሚችለው ጥልቅ መሠረትና ጠንካራ ምሰሶዎች ሲኖሩት ነው። የምድር ወለሉ መስታወትና ቀላል ግድግዳ ተሰብሮ ውሃውን ማሳለፉም ምሰሶዎቹ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል። የእንጨት መኖሪያ ቤት ግን ከመሠረቱ ተነሥቶ ይሄዳል።

ከማረፊያው በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የዩሪያጌ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ትገኛለች። ውሃው እዚያም የደረሰው ከነውጡ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ጊዜው ከማረፊያው ጋር ተመሳሳይ ነበር። ሆኖም በዚያች ሰፈር ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሜዳው ላይ የነበረችው አንዲት ትንሽ ኮረብታ ከፍታዋ ስድስት ሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ ውሃው በላይዋ አለፈ። በጠቅላላው በጃፓን በዚያ አደጋ የሞቱትና የጠፉት ከ18,000 በላይ ናቸው።

ይህንን የምናነሣው ሟቾችን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን ለማዳን ሲሮጡ የቀሩ ናቸው። ነገር ግን ከሁለቱ ሥፍራዎች ንጽጽር የምናገኘው ሐቅ ግልጽ ነው። ጊዜ ብቻውን አያድንም፤ ጊዜው ወደ ከፍታ መለወጥ አለበት። በተራራማ ጠረፍ ከፍታው በተፈጥሮ ይገኛል። በሜዳ ላይ ግን ሰው ራሱ ሊሠራው ይገባል። በሴንዳይ ማረፊያ ይህን ከፍታ የሰጠው ለሌላ ዓላማ የተሠራ ሕንጻ ነበር።

የሚያሳዝነው ደግሞ መሬቱ ራሱ አስቀድሞ መስክሮ የነበረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ869 በዚሁ ሜዳ ላይ ታላቅ ሱናሚ እንደ ደረሰ በጃፓን የታሪክ መዝገብ ተጽፏል። የሥነ ምድር ተመራማሪዎችም ከ2011 በፊት በሩዝ ማሳዎች ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ ከባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ያን ጊዜ የተነጠፈውን የአሸዋ ንጣፍ አግኝተዋል። ግኝቱ ታትሞ ይታወቅ ነበር፤ ወደ ግንባታና ወደ ዕቅድ ተሸጋግሮ ሳይፈጸም ግን አደጋው ቀደመ።

8. የማኮብኮቢያው አፈርና የማረፊያው መመለስ

በባሕር አጠገብ ያለ ሜዳ ብዙውን ጊዜ በውሃ የረካ ልቅ አሸዋ ነው። በሰላሙ ጊዜ የአሸዋው ቅንጣቶች ተደጋግፈው በላያቸው ያለውን ክብደት ይሸከማሉ። ምድር ስትናወጥ ግን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ለመቀመጥ ይሞክራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ውሃ መውጫ ስለሚያጣ ግፊቱ ይጨምራል። የውሃው ግፊት ከላይ ያለውን ክብደት ሲስተካከል ቅንጣቶቹ መደጋገፋቸውን ይተዋሉ፤ አፈሩም ለጥቂት ጊዜ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። በላዩ ያለው መንገድ ይሰምጣል፣ በውስጡ ያሉ ባዶ ቱቦዎች ደግሞ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። ለማኮብኮቢያ ይህ ትልቅ ጠላት ነው፤ አውሮፕላን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ትንሽ ጉብታም ቢያገኘው አደጋ ነው።

በሴንዳይ የዋናው ማኮብኮቢያ ከፊሉ ከ2011 በፊት አፈሩ እንዲጠናከር ተደርጎ ስለ ነበር በዚያ ክፍል የደረሰው ጉዳት አነስተኛ ሆነ። ይህም ፍሬ አፍርቷል። የጃፓን ሠራተኞችና የአሜሪካ ወታደሮች ፍርስራሹንና ጭቃውን ከጠረጉ በኋላ፣ በአምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን በተጠረገው የማኮብኮቢያ ክፍል ላይ አረፈ። መንገድና ባቡር በተቋረጡበት አካባቢ የእርዳታ ምግብና መሣሪያ በዚህ በር ገባ። የመንገደኞች በረራ የተጀመረው ከነውጡ በኋላ በ33ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 5 ቀን ሲሆን፣ ተርሚናሉ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማረፊያውን የማስተዳደር ሥራ ለግል ኩባንያ ተላለፈ።

9. ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?

ሦስት ለውጦችን እንጥቀስ። የመጀመሪያው በማስጠንቀቂያው ላይ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጃፓን የሜትዮሮሎጂ ድርጅት ከፍተኛ ነውጥ ሲደርስና መጠኑ ወዲያው በትክክል ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የከፍታ ቁጥር መስጠቱን ትቶ «እጅግ ግዙፍ» የሚል ቃል ይጠቀማል። ሳይንስ እርግጠኛ ባልሆነበት ሰዓት ትክክል የሚመስል ቁጥር መስጠት ሊያዘናጋ እንደሚችል ከአደጋው ተምረዋል።

ሁለተኛው በባሕሩ ወለል ላይ ነው። በጃፓን ስምጥ ዙሪያ 150 የመለኪያ ጣቢያዎች በኬብል ተያይዘው ተዘርግተዋል። እነዚህ መሣሪያዎች የውሃውን ግፊት ይለካሉ። ግፊት የእፍግታ፣ የስበትና የጥልቀት ብዜት ስለ ሆነ፣ በላያቸው የሚያልፈው ሞገድ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ግፊቱ 100 ፓስካል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሱናሚው ጠረፍ ሳይደርስ በቀጥታ ይለካል፤ ከነውጡ መጠን መገመት ብቻ አያስፈልግም።

ሦስተኛው በጠረፉ ላይ ነው። በሴንዳይ ወሽመጥ ዳርቻ 7.2 ሜትር ከፍታ ያለው የባሕር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ይህ ግንብ በተደጋጋሚ የሚደርሱትን ሱናሚዎች ለማገድ የታሰበ እንጂ እንደ 2011 ያለውን ሙሉ በሙሉ ያቆማል ተብሎ አይጠበቅም። ለዚያ ያለው መፍትሔ አሁንም ያው ነው፤ ቶሎ መነሣትና ከፍ ማለት።

10. ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

ሱናሚ ለአዲስ አበባ ወይም ለሐዋሳ ተማሪ ሥጋት አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን የስምጥ ሸለቆ ሀገር ለሆነችው ኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ነውጥ፣ በየካቲት ወር መጠኑ 6 ገደማ የደረሰው ጭምር፣ ይህንን አስታውሶናል። የአፈር መፍሰስ፣ የመጠን መለኪያው ሎጋሪዝማዊነት፣ የፈጠነ ግምት ወሰን፣ የሕንጻ ምሰሶ ጥንካሬ ሁሉ ለእኛም መሐንዲሶችና ፊዚክስ አጥኚዎች የሚሠሩ ጉዳዮች ናቸው። በሀገራችንም ጎርፍ በየክረምቱ ሰው ይወስዳል፤ በስድስተኛው ክፍል ያየነው የውሃ ግፊት ስሌት ወንዝ ሞልቶ ሳለ ለመሻገር ለሚያስብ ሰው ሁሉ ይሠራል።

ከሴንዳይ የምንወስደው ዋና ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። በነውጡና በውሃው መካከል ያለው ጊዜ በተፈጥሮ ሕግ የተወሰነ ነው፤ ልናስረዝመው አንችልም። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት ግን እንችላለን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው የሚደርስበትን ከፍታ አስቀድሞ መሥራትም እንዲሁ።

መልመጃ

ሀ. በ5,000 ሜትር ጥልቀት ላይ የሱናሚ ፍጥነት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?
ለ. በ4,000 ሜትር ጥልቀት ከፍታው 1 ሜትር የሆነ ሞገድ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ምን ያህል ይሆናል?
ሐ. መጠኑ 9.0 የሆነ ነውጥ መጠኑ 6.0 ከሆነው በኢነርጂ ስንት ጊዜ ይበልጣል?
መ. በባሕር ወለል ላይ ባለ መሣሪያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሱናሚ ቢያልፍ ግፊቱ በስንት ፓስካል ይጨምራል? የባሕር ውሃ እፍግታ 1,025 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው።

መልስ፦ ሀ. 797 ያህል፤ ለ. 4.5 ሜትር ያህል፤ ሐ. 32,000 ጊዜ ያህል፤ መ. 500 ያህል።